የሐር ሻርፕን ያለፈበት የሚያስመስለው አስተሳሰሩ ነው

ጥያቄ፦ «የ47 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ላይ እገኛለሁ። እናቴ በወጣትነቷ ከጣሊያን ያመጣቻቸው አራት ሻርፖች ለእኔ ደርሰውኛል። አንዱ ትልቅ ካሬ ሲሆን በክሬም መደብ ላይ ቡናማና ቀይ የልጓምና የዘለበት ሥዕል አለው። ሁለተኛው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ትንሽ ሰማያዊ ካሬ ነው። ሦስተኛው ወርቃማና በጣም የሚያብረቀርቅ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ረጅምና ስስ ነው። ትልቁን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በብሮሽ ሳያይዘው የድሮ ፎቶግራፍ እመስላለሁ፤ ትንሹን አንገቴ ላይ ሳስረው ልጄ ‹የአውሮፕላን አስተናጋጅ መሰልሽ› ትለኛለች። ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ ሻርፖቹ? አዲስ ብገዛ ይሻላል? ከሐበሻ ልብስ ጋርስ ይሄዳል?»

መልስ፦ በዕድሜዎም ሆነ በሻርፖቹ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ጥፋቱ ያለው በአስተሳሰሩና ሻርፑ ከምን ጋር እንደሚለበስ በሚደረገው ምርጫ ላይ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ቢገዙ ያንኑ ስሕተት በአዲስ ጨርቅ ላይ ይደግሙታል። በየጎኑ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነው የሐር ካሬ፣ የፓሪሱ ፋሽን ቤት ኤርሜስ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1937 ካወጣ ጀምሮ ልኬቱ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ቤቱ ሲቋቋም የፈረስ ዕቃ ሠሪ ስለነበር የልጓምና የዘለበት ሥዕል ከሐር ካሬ ጋር ተቆራኝቶ ቀርቷል፤ ሌሎች አታሚዎችም ተከትለውታል። እናትዎ ያመጡት ዓይነት ሥዕል ዛሬም አዲስ ይታተማል።

እየተለዋወጠ የመጣው ሻርፑ ሰውነት ላይ የሚቀመጥበት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ዘመንም የራሱን ምልክት ትቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአገጭ ሥር ቋጥሮ ጥቁር መነጽር ማድረግ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ትልቁ ካሬ በሰያፍ ታጥፎ ትከሻው በስፖንጅ ከተሞላ ጃኬት ላይ ይጣልና በትልቅ ወርቃማ ብሮሽ ይያያዝ ነበር። እርስዎ ትልቁን ሻርፕ ትከሻዎ ላይ ጥለው በብሮሽ ሲያይዙት የሚያይዎ ሰው ሳያስበው ያንን ዘመን ያስታውሳል። ትንሹን በተመለከተም ልጅዎ ያየችው ትክክል ነው። አንገት ላይ ጥብቅ ብሎ፣ ቋጠሮው አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል ወጥተው የሚታሰር ሻርፕ የአየር መንገድ፣ የሆቴልና የባንክ የደንብ ልብስ ምልክት ነው። እንዲህ የሚታሰረውም ሆን ተብሎ ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ አንድ እንዲመስሉና ቋጠሮው ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ እንዲውል። ለሥራው ይስማማል፤ ለራሷ ለምትለብስ ሴት ግን ሌላ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ «ማች ማድረግ» የምንለው ልማድ ሲጨመር ነገሩ ይባስ ይከብዳል። ሻርፑ ቀይ ስለሆነ ቀይ ቦርሳ፣ ቀይ ጫማና ቀይ የከንፈር ቀለም ሲደረደሩ አለባበሱ ተለፍቶበት የተሠራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ያለ ልክ ማጌጥ የሚባለው ይህ ነው። በእርስዎ ትልቅ ሻርፕ ላይ ቀይ አለ ተብሎ ቀይ ሹራብ አይለበስም። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም የወይራ አረንጓዴ ልብስ ከሥሩ ቢኖር ቡናማውም ቀዩም በራሳቸው ይታያሉ። ማስተጋባት ካስፈለገ በሥዕሉ ውስጥ እጅግ ጥቂት ቦታ የያዘውን ቀለም ይፈልጉና እሱን በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ በቀበቶ ወይም በጆሮ ጌጥ፣ ይድገሙት።

ወደ አስተሳሰሩ ከመሄድዎ በፊት ያለዎት ሁሉ ሐር መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዎታል። ወርቃማው ሻርፕ ፖሊስተር ሳቲን እንዳይሆን እጠረጥራለሁ፤ ከጣሊያን መምጣቱ ብቻ ሐር አያደርገውም። ከጠርዙ አንዲት ክር ይምዘዙና በወረንጦ ይዘው፣ ከሥር ውኃ ያለበት ሳህን አስቀምጠው፣ ከሻርፑም ከመጋረጃም ርቀው ይለኩሷት። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ቶሎ ይጠፋል፣ የሚተርፈውም በጣት ሲታሽ የሚደቅ ጥቁር አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ጨሌ የጠጠረ ድቡልቡል ነገር ይሆናል። ትልቁን ካሬ ደግሞ ወደ ብርሃን ቢያቀርቡት በጨርቁ ላይ ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ሳያዩ አይቀሩም፤ ይህ አሸማመን ትዊል ይባላል። ትዊል ለሻርፕ የተመረጠው እጥፉንም ቋጠሮውንም ስለሚይዝ ነው፤ ሳቲን ይንሸራተታል፣ ሺፎን ደግሞ የራሱ አቋም ስለሌለው ይልፈሰፈሳል። የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን የሚያገኙ ከሆነ ይመዝኑት። የ90 ሳንቲ ሜትር ካሬ 60 ግራም ከደፋ ወፍራምና ጥሩ ትዊል ነው፤ 40 ግራም አካባቢ ከሆነ ስስ ነው፣ በጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል።

የልኬቱ ሒሳብ ብዙውን ነገር ስለሚያስረዳ ትንሽ ልቆይበት። ካሬ ሻርፕ ሲታሰር የሚያገለግለው ርዝመት ጎኑ ሳይሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ሰያፉ ነው። የ90 ሳንቲ ሜትሩ ካሬ ሰያፍ 127 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ትንሹ ካሬ በየጎኑ 55 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል ግን ሰያፉ 78 ብቻ ነው። የአንገትዎ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል ትልቁ አንድ ጊዜ ሲዞር በየጎኑ 46 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ትንሹ ግን በየጎኑ ከ21 ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ከዚያም ላይ ቋጠሮው ራሱ የሚበላው አለ። ትንሹ ሻርፕ ላልቶ ዝቅ ይበል ቢባል እንኳ ጨርቅ አይበቃውም፤ ወደ ጉሮሮ መጠጋት ግዴታው ነው። ስለዚህ ትንሹን ከፊት ለፊት በማሰር መድከም አያስፈልግም፤ ቦታው ሌላ ነው፣ እመለስበታለሁ። በሰያፍ ማጠፍ ሌላም ጥቅም አለው። ጨርቅ በድርና በማግ አቅጣጫ ሲጎተት አይለጠጥም፣ በሰያፍ ሲጎተት ግን ይለጠጣል፤ በዚህ አቅጣጫ የታጠፈ ሻርፕ አንገትን ተከትሎ ለስልሶ ይተኛል። ጎኑን ተከትለው ያጠፉት ሻርፕ ግን ደርቆ ይቆማል።

እንግዲህ ትልቁን ካሬ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉት። ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖችን ወደ መሃል አምጥተው ትንሽ ያደራርቧቸው፤ ከዚያም ከሁለቱም ወገን ወደ መሃል እያጣጠፉ አራት ጣት የሚሰፋ መቀነት እስኪሆን ይቀጥሉ። እጥፉን በእጅዎ አይጫኑት፣ በካውያም አይተኩሱት፤ ልል ሆኖ መቅረት አለበት። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሰው የላይኞቹን ሁለት ቁልፎች ይክፈቱ። መቀነቱን ከኮሌታው በታች በቆዳዎ ላይ ያሳልፉና አንደኛውን ጫፍ ከሌላው አንድ ስንዝር ያህል ያስረዝሙት። አንድ ጊዜ ብቻ ይቋጥሩት፤ ሁለተኛ መቋጠር አያስፈልግም፣ ትዊሉ ራሱ ይይዘዋል። ቋጠሮው ከጉሮሮ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከማጅራት የመጣው ጨርቅ ከደረት አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይረፍ፣ በአንገትዎና በሻርፑ መካከልም እጅዎ በቀላሉ ይግባ። በመጨረሻ ቋጠሮውን ከመሃል ሁለት ሦስት ጣት ወደ አንድ ጎን ይግፉት፣ ረጅሙን ጫፍ ወደ ሸሚዙ ውስጥ ያስገቡት፣ አጭሩን ይተዉት።

በዚህ አስተሳሰር ከሻርፑ የሚታየው መዳፍ የሚያህል ብቻ ነው፤ ቀሪውን ኮሌታውና ሸሚዙ ይሸፍኑታል። የልጓሙና የዘለበቱ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ስለማይነበብ ጩኸቱ ይቀራል፤ ቀለሙ ብቻ ወደ ፊትዎ ይመጣል። ኮሌታ በሌለው ሹራብ ላይም እንዲሁ ያስራሉ፤ ልዩነቱ ቋጠሮውንም ሁለቱንም ጫፎች ወደ ሹራቡ ውስጥ መክተት ብቻ ነው፣ በአንገቱ ዙሪያ ቀጭን ጨረቃ መሳይ ጠርዝ ይበቃል። ብሮሹን ግን ይተዉት። መልኩ ካለፈ ዘመን የመጣ ከመሆኑም ሌላ መርፌው የሐሩን ክር እየበጠሰ የማይዘጋ ቀዳዳ ይተዋል። መርፌ ቁልፍም ቢሆን ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም አለበት። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ብዙ ሴቶች ሻርፕ የሚያስሩት የአንገት ቆዳን ለመሸፈን ስለሆነ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያጠብቁታል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ጥብቅ መቀነት ቆዳውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አንገትን ያሳጥራል፣ የሚያይ ሰው ዓይንም እዚያው ድንበር ላይ ይቆማል። ላልቶ ዝቅ ያለ ሻርፕ ግን ወደ ታች የሚወርድ መስመር ስለሚፈጥር አንገቱ ረዝሞ ይታያል። ሻርፕ መደበቂያ ሲሆን ያስታውቃል።

ሰማያዊውን ትንሽ ካሬ አንገትዎ ላይ ማድረግ ከፈለጉ ቋጠሮውን ወደ ኋላ፣ ከማጅራት ላይ ከፀጉር ሥር ያዙሩት፤ ከፊት ለፊት ምንም ሳይንጠለጠል ለስላሳ መስመር ብቻ ይታይ። ከዚያ የሚሻለው ግን ፀጉር ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የተሰበሰበ ፀጉርን ወይም የሹሩባን ጫፍ አንድ ጊዜ አስሮ ጫፎቹን መልቀቅ። ሐር ከፀጉር ላይ ስለሚንሸራተት መጀመሪያ ፀጉሩን በላስቲክ ይያዙት፣ ሻርፑን በላዩ ላይ ያስከትሉ። የእጅ ቦርሳ መያዣ ላይ መጠምጠም ተለምዷል፤ ሆኖም የእጅ ላብና ቅባት ሐሩን ቶሎ ያበላሸዋልና የእናት ቅርስ ለሆነ ሻርፕ አልመክረውም።

ረጅሙና ስሱ ቋጠሮ ጨርሶ አያስፈልገውም። ከኮት ወይም ከጃኬት ውስጥ ጫፎቹን ሳያስተካክሉ እንዲሁ ይጣል፤ ጠዋት የአዲስ አበባ ብርድ ሲጠና አንድ ጊዜ ማዞር ይበቃል። ረጅም ሻርፕ ግን አደጋ አለው። ዳንሰኛዋ ኢሳዶራ ደንከን እ.ኤ.አ. በ1927 ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው አንገቷ ላይ የነበረው ረጅም የሐር ሻርፕ በተሳፈረችበት ክፍት መኪና ጎማ ተጠምጥሞ ነው። በባጃጅና በሞተር ሳይክል ሲሄዱ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ሲወጡ፣ ወጥ ቤት ምድጃ አጠገብ ሲቆሙ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ ወይም ያውልቁት።

ወርቃማው ፖሊስተር ሆኖ ከተገኘ ለሥራ ቦታ አይሆንም፤ በቀን ብርሃን ማብረቅረቁ አለባበሱን ሁሉ ርካሽ ያስመስለዋል። እውነተኛ የሐር ሳቲን ከሆነ ለምሽት ያቆዩት፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ሱፍ ወይም ጥጥ ልብስ ላይም ብቻ ያድርጉት። የትኛውንም ሻርፕ ሲለብሱ የአንገት ሐብል አይጨመርበትም። የጆሮ ጌጥ ትንሽ ይሁን፤ ልብሱ አበባ፣ መስመር ወይም ነጠብጣብ ካለበት ሻርፑ በዚያ ቀን ቤት ይዋል።

ከሐበሻ ልብስ ጋር ስላነሡት፣ ሥዕል የታተመበትን ሻርፕ አልመክርም። የሐበሻ ቀሚስ በአንገቱም በጠርዙም ላይ ጥበብ አለው፤ የፈረስ ልጓም ሥዕል ከዚያ አጠገብ ሲመጣ ሁለቱም ይደበዝዛሉ። ነጠላ ደግሞ ራሱ የሚጣፋ ልብስ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለኀዘንም የየራሱ አለባበስና ትርጉም አለው፣ በላዩ ሌላ ሻርፕ መጨመር ያንን ያዛባል። ከሐር የተሠራ ነገር ከአገር ልብስ ጋር መልበስ ካማረዎት የጉሎ ቅጠል ከሚመገበው የኤሪ ትል የሚገኘው የአገራችን ሐር አለልዎት፤ እንደ ሳባሐር ያሉ የአዲስ አበባ ሠሪዎች በእጅ አስፈትለው በሸማኔ ያሸምኑታል። የኤሪ ትል ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ክሩ ያልተቋረጠ ሆኖ አይተረተርም፣ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ስለዚህ ጨርቁ አያብረቀርቅም፣ ይሞቃል፣ ወፈርም ይላል፤ ትናንሽ ቋጠሮ አይወድም፣ እንደ ነጠላ ትከሻ ላይ ሲጣል ግን እጅግ ያምራል። አንድ ቀለም የሆነውን ይምረጡ።

የምመክርዎ ቁርጥ ያለ ነገር ይህ ነው፤ ለአንድ ወር ያህል ከአራቱ ትልቁን ካሬ ብቻ፣ ከላይ በገለጽኩት አንድ አስተሳሰር ብቻ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ይልበሱት። ብዙ ዓይነት ቋጠሮ መማር አያስፈልግዎትም። ሻርፕ ተለፍቶበት የታሰረ የሚመስለው የለባሿ እጅ ገና ስላልለመደው ነው፤ በመስታወት ፊት አሥር ጊዜ የተስተካከለ ቋጠሮ ደግሞ ከመጠን በላይ ቀጥ ይላል። እጅዎ ሲለምድ አንድ ጊዜ ቋጥረው ከመስታወቱ ይርቃሉ፤ ቀኑን ሙሉም እየነካኩ አያስተካክሉት። ሲንቀሳቀሱ ትንሽ ቢዞር ይዙር።

ለአሮጌ ሐር የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከአዲሱ ይበልጣል። ከማጠብዎ በፊት ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥበው ከሁሉም በጠቆረው ቀለም ጥግ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጭነው ይያዙት። ቀለም ከያዘ ቤት ውስጥ አይታጠብም፤ ለላውንደሪም ሲሰጡ ቀለም እንደሚለቅ ይንገሩ። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሻምፖ ጨምረው፣ ሳይዘፈዝፉ በፍጥነት ይጠቡት። የዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ ሐር እንደ ፀጉር ፕሮቲን ነው፣ በብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ ያለው ኢንዛይም ደግሞ ፕሮቲን ይበላል። በረኪና ጭራሽ አይታሰብም። አይጨመቅም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይመጠጥለትና ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ገና እርጥበት ሳለው በጀርባው በኩል በዝቅተኛ ሙቀት ይተኩሱት፣ ካውያው ግን በእጅ ተጠቅልሎ የተቀመቀመውን ጠርዝ እንዳይረግጥ፤ ያ ቅምቅማት ሞላ ብሎ ክብ መሆን አለበት፣ አንዴ ከተዳጠ አይመለስም። ሽቶ የሚቀቡት ሻርፑን ከማድረግዎ በፊት ነው፣ ደርቆ ካለቀ በኋላ ያስራሉ። ሐር ፀሐይ የማይችል ጨርቅ ስለሆነ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥና ፀሐይዋ በምትበረታ እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ ውስጥ መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አይተውት።

አንድ ገደብ ልጨምር። ሻርፖቹ ለረጅም ዓመታት በአንድ ዓይነት እጥፍ ተቀምጠው ከነበረ፣ ከማሰርዎ በፊት እያንዳንዱን በመስኮት ብርሃን ፊት ዘርግተው የእጥፉን መስመር ይመልከቱ። ክሩ ሳስቶ ብርሃን በመስመሩ ላይ የሚያሳልፍ ከሆነ ወይም ትንንሽ ስንጥቅ ካለ ያ ሻርፕ ከእንግዲህ አይታሰርም፤ ልብስ ሰፊ ቢጠግነውም ቋጠሮው በሚጎትተው ቦታ እንደገና ይቀደዳል። እንዲህ ያለውን በመስታወት ፍሬም አስገብተው ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ደኅና የሆኑትን ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ፤ አውጥተው በለበሷቸው ቁጥር ሲመልሱ እጥፉን ከቀድሞው መስመር ትንሽ ያሸሹት።